ክኒኑን በሽሮ ደብቃችሁ አታብሉን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ምክር አነበብኩት። የአእምሮ ሕመምተኛ መድኃኒት አልወስድም ካለ ቤተሰቡ ክኒኑን ፈጭቶ በምግብ ይስጠው ይላል። ጸሐፊው ለታማሚው አዝነው እንደጻፉት ይገባኛል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሽሮ ከቀረበላቸው ሰዎች አንዱ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ እያጸዳሁ እሸጣለሁ። የቆሮሶውን ቅርፊት አራግፌ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ቢላዋው ስል ነው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ጣት ይዞ ይሄዳል። ሕመሜ ስኪዞፍሬንያ ነው። ሲነሳብኝ ድምፅ ይሰማኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ሰው ሁሉ የዶለተብኝ ይመስለኛል። መታመሜን አልክድም። የመድኃኒት ጠላትም አይደለሁም።

ከዓመታት በፊት በየወሩ የሚሰጥ መርፌ ተጀመረልኝ። ድምፁ ቀነሰልኝ፣ ተመስገን ነው። ግን እጄ መንቀጥቀጥ፣ ምራቄ መዝረብረብ ጀመረ። ከሁሉ የባሰው እግሬ ነበር። አረፍ ብዬ መቀመጥ አልችልም። እነሳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። ቅዳሴ እንኳ ቆሜ ማስቀደስ አቃተኝ። የሰፈሩ ሰው "ይኸው ተነሳበት" ይላል። የተነሳው ግን በሽታው አልነበረም፣ ከመርፌው የመጣ ነው። ይህ መቁነጥነጥ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ሊሻል ይችላል። ያኔ ይህን የነገረኝ የለም።

"መርፌው ይቅርብኝ" አልኩ። ባለሙያው ወደ እኔ አልዞረም። ለእህቴ "ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያስብለው" አላት። እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ።

ከዚያ ሽሮው መጣ። ስጎርስ ጥርሴ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ተንቋቋ። ሳህኑ ጥግ ላይ ያልሟሟ ነጭ ስባሪ ነበር። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። በእናቴ አልፈርድም፤ ጨንቋት ነው፣ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። እኔ ሕመሜ ሲነሳ "ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል" ብዬ የምፈራ ሰው ነኝ። ካርዴ ላይ የሕመሙ ምልክት ተብሎ ተጽፏል። ያ ፍርሃቴ እውነት ሆኖ ሳህኔ ላይ ተገኘ! ከዚያ ወዲያ ከቤት መብላት ተውኩ። ሻይ በዳቦ ሆነ ኑሮዬ። ክትትሉንም ተውኩት። ማንን ልመን?

ደግሞ ለጤናም አደጋ ነው። እናት መጠኑን በምን ታውቃለች? መርፌው ሰውነት ውስጥ እያለ ክኒን ሲደረብበት ማን ይቆጣጠራል?

መብቱ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 ላይ ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው ይላል፤ ጤነኛና ታማሚ ብሎ አይለይም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን የተባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ የቆየ የአእምሮ ሕመም ያለበትንም ሰው ይጨምራል። አንቀጽ 25 ላይ ሕክምና የሚሰጠው ሰውየው ተረድቶ በነጻ ፈቃዱ ሲስማማ ነው ይላል።

"ታሞ ሳለ ምን ያውቃል?" የሚል አይጠፋም። የእኔ ሕመም ዓመቱን ሙሉ አይነሳም። በአብዛኛው ቀን ሒሳቤን እይዛለሁ፣ ዕቁቤን እጥላለሁ፣ ከደላላ ጋር እከራከራለሁ። ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ ይይ አልልም። ያ ግን የአንድ ክፉ ሰሞን ነገር ነው። ለዚያ ሰሞን ሲባል ዕድሜ ልኬን አፌ ሊዘጋ አይገባም።

እኔን ወደ ሕክምና የመለሰኝ አንዲት ነርስ ናት። "ለምንድን ነው የማትፈልገው?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ እግሬ፣ ስለ እጄ፣ ስለ ቢላዋው ነገርኳት። ለሐኪሙ ነገረችልኝ፣ መድኃኒቱም ተቀየረ። አሁን በክኒን ላይ ነኝ። ራሴ ነኝ የምውጠው፣ እናቴ እያየች፣ በብርጭቆ ውኃ። እጄም ጸንቷል።

ደህና ሆኜ ሳለሁ አንድ ወረቀት ጻፍኩ። ሕመሜ ቢነሳብኝ የትኛው መድኃኒት እንዲሰጠኝ፣ የትኛው እንዳይሰጠኝ፣ ስለ እኔም እህቴ እንድትናገር ይላል። "ወንድምዓለም፣ እኔ እይዝልሃለሁ" ብላ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ እንዲህ ያለው ወረቀት ዋጋ አለው። እኔ ግን ከካርዴ ጋር ይያያዝልኝ ብዬ ስጠይቅ "እንዲህ ያለ አሠራር የለንም" ተባልኩ። የክልላችን ጤና ቢሮ ይህን አሠራር ይጀምርልን። ዓምደኛችሁም በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ወረቀቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለቤተሰቦች ቢያስረዱልን እለምናለሁ።

ዓሣ ሻጩ አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር