አባባ፣ ታናሼን አይከልክሉት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ታናሼ «አለ ፈለገ ሰላም» ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ ማለቱ እንዳሳዘነዎት ሰማሁ። «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለዋል አሉ። አይፈረድብዎትም። ግን እዚህ መሀል አዲስ አበባ ስኖር ያየሁትን ልንገርዎት።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሽቅብ ሲሉ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ውስጡ የአንኮበሩ ልጅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በባለቀለም መስታወት የሠሩት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ ሥራ ይገኛል። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል፤ ሰንሰለቱና ዘንዶው አለ፣ ትግሉ አለ፣ ችቦ ይዞ የሚራመድ ቤተሰብም አለ። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ አንጎላና ሞዛምቢክ በፖርቱጋል እጅ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ድምፅ እስኪሰጥ ገና 33 ዓመት ይቀር ነበር። የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሊመሠርቱ እዚያ የተሰበሰቡት በግንቦት 1955 ነው፤ ነጻ የወጣው ቤተሰብ ቀድሞ ተሥሎ ጠበቃቸው።

አፈወርቅ ነቢይ ነበሩ አልልም። ብዙ ሰው በልቡ የሚመኘውን አውጥተው ለዓይን አቆሙት እንጂ። ምኞቱን በዓይኑ ያየ ሰው ይደፍራል፤ እኔ የሰዓሊ ጥቅም ይሄ ይመስለኛል።

ኤልያስ ስሜም አለ፤ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሽቦና የኪቦርድ ቁልፍ ሰብስቦ፣ ከአውሮፕላን እንደሚታይ ማሳ የሚዘረጋ ሥራ ይሠራል። ያረጀው ስልካችን የት እንደሚወድቅ እኔ ያሰብኩት የእሱን ሥራ ካየሁ በኋላ ነው።

ልቤን የነካው ግን የአንጋፋው ሠዓሊ የታደሰ መስፍን ሥራ ነው። ታናሼ ሊገባበት በሚመኘው ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምረዋል። የሚሥሉት የጉሊት ሴቶችን ነው፤ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ እንደ ንግሥት የከበሩ። የሚሸጡት ነገር ደብዘዝ ይላል፤ ጎልተው የሚታዩት ሴቶቹ ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» ብለዋቸዋል። አባባ፣ እናታችን ነፍሷን ይማርና ያሳደገችን ጉሊት ተቀምጣ አይደለም? ከሥዕሉ ፊት መንቀሳቀስ አቃተኝ። ያንን ከፍታዋን በሕይወት ሳለች ማን ነገራት? አሁን ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው እንደ አዲስ ሲሠሩ፣ በየመንገዱ ዳር የምናውቃቸው ባለ ጉሊቶች የሉም። ታደሰ እነሱን መሣል የጀመሩት ሠፈሩ ሳይነካ ነው።

የእንጀራውን ነገር አልሸሽግዎትም፤ ከባድ ነው። ቢሆንም የቀለሙንና የሸራውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ለዓይንዎ ሕክምና ሲመጡም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሥዕል ሙዚየም፣ በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን፣ አብረን እናየዋለን። እስከዚያው ለልጁ ደውለው ያነጋግሩት፤ እሱ እርስዎን መጠየቅ ፈርቷል፣ የመግቢያ ፈተናው ደግሞ እየቀረበ ነው።

አክባሪ ልጅዎ