ባህር ዛፉ ከረግረጉ ይራቅ

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ጣና ሐይቅ አጠገብ ያለው ጭምባ ረግረግ ዳር ሄጄ ነበር። ባህር ዛፉ ወደ ውሃው ተጠግቷል። በገበሬው አልፈርድም፤ አጣና ሸጦ ነው የልጆቹን ደብተር የሚገዛው። ግን ባህር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል። ረግረጉ ሲደርቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ይጠፋል፣ ታንኳ ሠሪውም ሥራ ይፈታል። ያቺ ራሷ ላይ ወርቃማ አክሊል የመሰለ ላባ ያላት ረጅም ወፍስ? ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ረግረግ ሣር ውስጥ ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ጥብቅ ማለት ግን ገበሬውን ማባረር አይደለም። እዚያው ጣና ዳር ያለችውን ዘጌን እዩ፤ ቡናው በአገር በቀል ዛፍ ጥላ ሥር ይለቀማል፣ ወፎቹም ከላይ አሉ። ለባህር ዛፉ ከውሃው ራቅ ያለ መሬት ይፈለግለት። መተኪያ ሳይሰጡ ንቀል ማለት አያስኬድም።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር