የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ክዳኑን አትክፈቱ!

የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚለኝ ሰው አጭሩ መልስ 11 ጫጩት ነው። ረጅሙ ይኸውላችሁ።

ስብሰባዎቹን ልዝለላቸው። በየሳምንቱ ረቡዕ ተሰበሰብን፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ተጠሪና ጸሐፊ ተመረጡ። በ42 አባላት ጀምረን በ19 ጸናን። የቀሩት ለምን እንደቀሩ ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ሽታው ነው። እመጣበታለሁ።

መፈልፈያ ሣጥኑን የሠራነው ራሳችን ነን። የፎም ሣጥን፣ ሁለት አምፖል፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር የተነቀለ ፋን፣ ለእርጥበት ሁለት የውሃ ሳህን፣ ከላይ የመስታወት ክዳን። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ብቻ ተገዛ። ማን እንደገዛው አትጠይቁኝ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ፋን ባለው ሣጥን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70። ጽንሱ ቅርፊቱ ላይ እንዳይጣበቅ እንቁላሎቹ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣሉ። እንዳይምታታ በአንዱ ጎን የመደመር ምልክት፣ በሌላው ዜሮ በእርሳስ ጻፍንባቸው። «ለምን አራት ጊዜ አይሆንም?» ብላ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ጠየቀች። ትንሽ አሰበችና ራሷ መለሰችው። ቁጥሩ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ ሌሊቱን የሚያድሩበት ጎን በየቀኑ ይቀያየራል። እኔ እንኳ እንዲህ ቶሎ አልደረስኩበትም ነበር።

ቅዳሜና እሁድስ? ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ እንቁላሉ ግን መገላበጡን ይፈልጋል። ስለዚህ ሣጥኑን ጥበቃ ቤት አስገባነው። የጥበቃው ጋሼ መጀመሪያ ሳቁብን፤ «እንቁላል ማቀፍ የዶሮ ሥራ አይደለም እንዴ?» አሉ። በሳምንቱ መዝገቡን ከልጆቹ ይልቅ በሥርዓት የሚሞሉት እሳቸው ሆኑ።

በመጀመሪያው ዙር 24 እንቁላል አስገባን። በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ባትሪ ስናያቸው 15ቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ሥር ነበር። ልጆቹ በደስታ ጮሁ። በ14ኛው ቀን አብዛኞቹ ላይ የቀረው ጽንሱ መሞቱን የሚያሳይ የደም ቀለበት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ እስከ 23ኛው ቀን ጠበቅን። አንድም አልወጣም። አንዱ ጭራሽ ፈነዳ። በዚያ ሳምንት በዋናው በር የገባችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ይቅርታ።

አሁን የማልኮራበትን ልጻፍ። ክዳኑን ደጋግሞ የሚከፍት አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረን። ቀርቦ ካላየ አያምንም። ጥፋቱን በጓደኞቹ ፊት እሱ ላይ ደፈደፍኩት። በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣም። በኋላ ቴርሞሜትራችንን ከትኩሳት መለኪያ ጋር አንድ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብንከተው የኛው 2 ዲግሪ አሳንሶ ያነባል! 37.5 ነው ስንል 39.5 ላይ ኖሯል፤ ቀስ እያልን ቀቀልናቸው ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ከላቦራቶሪያችን የወጣ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም። ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እሱንም በጓደኞቹ ፊት።

ለሁለተኛው ዙር 20 እንቁላል ሐሙስ ከሰዓት አስገባን። በ7ኛው ቀን ያልዳበሩ 3 አወጣን፣ በ14ኛው ደግሞ ማደግ ያቆሙ 2። በመሃል መብራት ጠፋ፤ ለሦስት ሰዓት። ልጆቹ ሊያለቅሱ ደረሱ። ጋሼ ግን ምንም አልመሰላቸውም። «ዶሮዋስ ትነሳ የለ? ጥሬዋን ለቅማ፣ ውሃዋን ጠጥታ ትመለሳለች» አሉ። ልክ ናቸው። ጽንስ ለጥቂት ሰዓት ቀዝቀዝ ማለቱን ይችለዋል፤ የሚፈጀው ከልክ በላይ መጋል ነው። ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጠበቅን።

በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ቆመ፣ ውሃ ተጨመረ፣ ክዳኑ ተዘጋ። ያ ልጅ ተመልሶ ነበር። ካርቶን ቆርጦ «ክዳኑን አትክፈቱ!» ብሎ ጻፈና ለጠፈበት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለ።

ሐሙስ ጠዋት 14 ቁጥር ካልነው እንቁላል ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። 9 ሰዓት ላይ ቅርፊቱ ተነደለ። ከዚያ ዝም። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ 14 ቁጥር ንቅንቅ የለም። «ቲቸር፣ ትሞታለች እኮ! እንርዳት!» ጥበቃ ቤቱ ተጨናነቀ። እውነቱን ለመናገር የኔም እጅ ወደ ክዳኑ ሄዶ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ እርጥበቱ ይወጣል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና ይጣበቅባታል» አለ። ያስተማርኩትን ለኔው መለሰልኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

ያ ዝምታ እረፍት አይደለም። ጫጩቷ በሳንባዋ መተንፈስ እየለመደች ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው ደም ወደ ሰውነቷ ይመለሳል፣ የቀረው አስኳል ወደ ሆዷ ይገባል። በዚህ መሃል ጎትቶ ያወጣት ሰው ሊያደማት ይችላል። ከተነደለ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

12 ሰዓት ላይ የልጁ አባት መጥተው ወሰዱት። ጋሼ አደሩባት። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንዲቀር የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ የሒሳብ መምህራችን ይቅር ይበሉኝ። 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ጫጩቷ በምንቃሯ ጫፍ ባለችው ጥርስ መሳይ እሾህ ቅርፊቱን ዙሪያውን ቀደደችና ገፍታ ወጣች። ልጁ አልጮኸም፣ አላጨበጨበም። መዝገቡን ሳበና «14 ቁጥር፣ 2፡50፣ ማንም አልነካትም» ብሎ ጻፈ።

ከ15ቱ 11 ወጡ። አንዷ በሦስተኛው ቀን ሞተችብን። አሥሩን አምፖል ባለበት ካርቶን አሳደግናቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነስን። በመጨረሻ ወላጆቻቸው ለፈረሙላቸው ልጆች አከፋፈልን።

«ክበብ ነው ወይስ ዶሮ ቤት?» ያሉኝ ባልደረባ አሉ። መዝገቡ ጥበቃ ቤት ነው፤ ይምጡና ያንብቡት። ለአስተዳደሩና ለወላጆች ኮሚቴ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የሚታመን ቴርሞሜትር፣ የእርጥበት መለኪያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየን ባትሪ። የእግር ኳስ ክበባችን በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ይገዛለታል። ይገዛለት፣ እኔም ደጋፊ ነኝ። ዘንድሮ ግን ቴርሞሜትሩ ይቅደም።