ካኑላው ጤነኛው ክንድ ላይ ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚደርስ፣ እጁን ማሽን የያዘው ወይም መኪና የሰበረው ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ካኑላ (ደም መልስ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ተደርጎለት ነው የሚመጣው። መደረጉ ትክክል ነው። ችግሩ ካኑላው በተጎዳው ክንድ ላይ ሲሆን ነው። የእጁ ደም ቅዳ በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን በሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) እንዲታይ ከተፈለገ ይህ አንድ ነገር ምርመራውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮንትራስቱ (የደም ሥሩ በምስሉ ላይ እንዲታይ የሚሰጠው ፈሳሽ) በደም መልስ ገብቶ፣ በልብና በሳንባ አልፎ ነው ወደ ደም ቅዳ የሚደርሰው። በታመመው ክንድ ከተሰጠ ገና ያልቀጠነው ኮንትራስት ከደም ቅዳው ጎን ባለው ደም መልስ ይሞላና ምስሉ ላይ ነጭ ጭረት ይረጫል። ደም ቅዳው ተቆርጦ ይሁን ጠቦ ወይም በረጋ ደም ተዘግቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ቀኝ እጅ ከተጎዳ ካኑላው በግራ፣ ግራ ከተጎዳ በቀኝ ይግባ። የኩላሊት እጥበት ፊስቱላ (ለእጥበቱ ሲባል ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ) ያለበት ክንድ ግን ጤነኛ ቢመስልም አይነካ።

የካኑላው ውፍረትም ወሳኝ ነው፤ ውፍረቱ በቀለሙ ይታወቃል። ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኮንትራስት በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገፋል፤ ወዲያው ኖርማል ሳላይን (ጨው ያለበት የሕክምና ውሃ) ይከተለዋል። ይህን የሚችለው ክርን እጥፋት ላይ የገባ አረንጓዴ፣ ቢያንስ ሮዝ ካኑላ ነው። እጅ ጀርባ ላይ ያለ ሰማያዊ ካኑላ በዚህ ግፊት ደም መልሱን ሊቀድና ኮንትራስቱ ከቆዳ ሥር ሊፈስ ይችላል። አስቀድሞ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በፍጥነት ገፍቶ ማየት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ቀለበትና አምባር ይውለቅ። ክንዱ የሚነሳ ከሆነ ከራስ በላይ ይዘርጋ፤ ከደረት ጎን ከቀረ የሰውነቱ አጥንት ምስሉን ያደበዝዘዋል። ትከሻው ከተሰበረ ግን አይገደድ።

የደሴን ብርድም አንርሳ። የቀዘቀዘ እጅ የጣት ደም ቅዳዎቹ ይኮማተሩና የተዘጉ ይመስላሉ። ታካሚውን በብርድ ልብስ ማሞቅ ይጠቅማል፤ የደነዘዘ እጅ ላይ ግን የሞቀ ውሃ መያዣ ማድረግ ያቃጥላል፣ እሱም አይታወቀውም። የሲቲ ማሽኑ ኮንትራስቱን ከያዘው ደም ቀድሞ ጣት ላይ ሲደርስም ባዶ ደም ቅዳ ይታያል። ለዚህ ነው ከክርን እስከ ጣት ያለውን ወዲያውኑ ሁለተኛ ጊዜ ማንሳት የሚያስፈልገው።

ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ቢታወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን እጁ ገርጥቶ፣ ቀዝቅዞና ደንዝዞ ሳለ የላብራቶሪ ውጤት እየጠበቁ ሰዓት ማባከን አይገባም። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው ብዙው አይተርፍም። ደሙ እየተፈናጠረ ወይም እብጠቱ ዓይናችን እያየ እየጨመረ ከሆነ ደግሞ ሲቲው ይቅር፤ ታካሚው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይግባ።

የምንለምነው የሪፈር ወረቀት የሚጽፉ ባልደረቦቻችንን ነው። «ሲቲ አንጂዮ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የትኛው እጅ እንደተጎዳ፣ ጉዳቱ በስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ የእጅ አንጓ ምቱ ይሰማ እንደሆነ፣ ደም ማቆሚያ ከታሰረም የታሰረበትን ሰዓት ጻፉልን።

የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች
ከደሴ