ጠዋት ሮጠው ማታ ለሚወድቁ ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

በአዲስ አበባ የምንኖር ጥቂት ወላጆችና የጤና ባለሙያዎች፣ የሴጋዋ በሽታ ስለተባለው ሕመም የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳትመን ለትምህርት ቤቶችና ለጤና ጣቢያዎች ለማዳረስ ስለተነሣን፣ የእናንተን እገዛ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሐኪሞች ለዶፓ ምላሽ የሚሰጥ ዲስቶኒያ (ዶፓ በተባለ መድኃኒት የሚሻል፣ ያለፈቃድ የሚመጣ የጡንቻ መጠማዘዝ) የሚሉት ይህ በዘር የሚተላለፍ የእንቅስቃሴ ሕመም እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ዓመት ዕድሜ ገደማ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ልጆች ላይ፣ ከአንድ እግር ይጀምራል። ልጅቷ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ከእኩዮቿ ጋር እየሮጠች ትሄዳለች፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ግን እግሯ ወደ ውስጥ ይጠማዘዛል፣ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ትደናቀፋለች። ጫማዋን ገልብጦ ያየ ሰው አፍንጫው ተበልቶ ተረከዙ ግን እንዳለ መሆኑን ያስተውላል። ተኝታ ስትነሣ ደህና ስለምትሆን መምህሯ ሰነፍ፣ ጎረቤት አስመሳይ ይላታል፤ ሐኪም ፊት የምትቀርበውም ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ ምልክቱ በተሸሸገበት ሰዓት ነው። በሌላው ዓለምም ቢሆን ሴሬብራል ፓልሲ (በልጅነት በአንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባቸው ተብለው ለዓመታት የቆዩ ልጆች አሉ።

ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ማሳያ ሴጋዋ ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገልጸው ጻፉ፤ በ1994 ደግሞ ዋናው መንስኤ ጂሲኤች1 በተባለው ዘረመል ላይ የሚደርስ ጉድለት መሆኑ ታወቀ። ጉድለቱ ሲኖር አንጎል እንቅስቃሴን ለማዘዝ የሚጠቀምበትን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን መሥራት ያቅተዋል፤ ያለችውም ጥቂት ዶፓሚን ቀኑ በገፋ ቁጥር ስለምትመናመን ጡንቻ አልታዘዝ ይላል። ጉድለቱን ከተሸከመ ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ የወረሰ ሁሉ ግን ስለማይታመም፣ «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እንድንቸኩል ያደረገን መድኃኒት መኖሩ ነው። አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓንና አጋዡን ካርቢዶፓን የሚይዘው፣ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚታዘዘውና በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለው ክኒን፣ የነርቭ ሐኪም በሚወስነው አነስተኛ መጠን ሲሰጥ ልጆቹ በአጭር ጊዜ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፤ ሳይታወቅላቸው ያረጁ ሕሙማን እንኳ በእጅጉ ይሻላቸዋል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወዳጆች «መድኃኒቱን ገዝተን እንላክ» ማለታችሁን እናመሰግናለን፤ ይሁን እንጂ የምትወስደው ልጅ ካልታወቀች ክኒኑ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀር፣ ማሳወቁን አስቀድመናል።

ገንዘቡ የሚውለው ለኅትመት፣ ለሬዲዮ መልእክትና የነርቭ ሐኪሞች ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው መምህራንንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ለሚያሠለጥኑበት የጉዞ ወጪ ነው። በራሪ ወረቀቱ ወላጆችን አንድ ቀላል ነገር ይጠይቃል፤ የልጃቸውን አረማመድ ጠዋትና ማታ በስልካቸው ቀርጸው ለሐኪም እንዲያሳዩ። በጠበል ቦታዎችም እናድለዋለን፤ ጠበሉን ተዉ አንልም፣ ሐኪሙም ይያት እንላለን እንጂ። ማታ የደከመ ልጅ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት እንዳልሆነም በግልጽ ጽፈናል።

የምትለግሱትን በየዕድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ እንድታስገቡ፣ ማተሚያ ቤት ያላችሁም በወረቀትና በቀለም እንድታግዙን እንለምናለን። የገቢና የወጪውን ሒሳብ በየሦስት ወሩ ለዕድሮቹ በጽሑፍ እናቀርባለን።