የአይሲቲ ክበብ ዘንድሮ፦ ስዋፑን ያጠብንበት ዓመት

የክበባችን የዘንድሮ ስራ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፣ ላብ ውስጥ ባሉት 18 ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን። የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ስለሆነ አንድ በአንድ እንጫን ብንል ዓመቱ አይበቃንም፣ ስለዚህ አንዱን ማሽን አሳምረን ሰራን፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ ሊብሬኦፊስ፣ ጂኦጂብራ (የሒሳብ ፕሮግራም) ጫንንበት፣ ራሙ 2 ጊጋ ብቻ ስለሆነም 4 ጊጋ የስዋፕ ፓርቲሽን (ራም ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል) ከፈልንለት። ከዛ ሙሉ ዲስኩን ዲዲ በሚባል ትዕዛዝ ኢሜጅ (ዲስኩን እንዳለ የያዘ አንድ ፋይል) አድርገን፣ ፋይል በሚያሳንሰው በጂዚፕ ጨምቀን በፍላሽ ወደሌሎቹ እንገለብጣለን ብለን ነበር።

ኢሜጁ ተጨምቆ ራሱ 11 ጊጋ ሆነ። የፍላሻችን ፎርማት ደግሞ ፋት32 ነው፣ ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቆራርጦ መጫን ይቻል ነበር፣ ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ እኛ የጫንነው እኮ 7 ጊጋ ነው፣ ሌላው ከየት መጣ?" አለች፣ እኔም ይሄን ጥያቄ ሳንመልስ አንሄድም አልኩ።

ዲስኩ 80 ጊጋ ነው፣ ድሮ ጥቂት ፊልም ነበረበት። ፋይል ሲጠፋ የሚጠፋው አድራሻው ነው፣ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዛው ይቀመጣል፣ ፊልም ደግሞ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ጂዚፕ ምንም አያሳንሰውም። ስዋፑም እንደዛው ነው። ራም ሲሞላ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የራሙን ገጾች እዛ ያስቀምጣል፣ ስራው ካለቀ በኋላ ግን ማንም አያጸዳውም። ልጆቹ አላመኑኝም፣ እሺ እንፈልግ አልኩና ስዋፑ ላይ ግሬፕ የሚባለውን ጽሁፍ ፈላጊ ትዕዛዝ አስኬድን። ያቺው ልጅ ያለፈው ሳምንት በቴክስት ኤዲተር ጽፋ ያጠፋችው ደብዳቤ ሁለት መስመሩ ወጣ! ክፍሉ ጸጥ አለ። (ይሄን የምጽፈው እሷን አስፈቅጄ ነው።) እንዳለ ገልብጠነው ቢሆን ደብዳቤዋ 18ቱም ማሽን ላይ ይቀመጥ ነበር፣ የይለፍ ቃልም እንደዚሁ ሊቀር ይችላል፣ ለኔ ከፍላሹ ቦታ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ከላይቭ ፍላሽ (ከዲስኩ ሳይሆን ከፍላሽ የሚነሳ ሲስተም) ተነስተን ማጠብ፣ ማለትም የድሮው ይዘት ላይ ዜሮ መጻፍ፣ ጀመርን። መጀመሪያ ስዋፑን የሚያቆመውን ስዋፕኦፍን አስኬድን፣ ምክንያቱም አንዳንድ ላይቭ ሲስተም ራሱ ዲስኩ ላይ ያገኘውን ስዋፕ መጠቀም ይጀምራል፣ እየሰራ ያለ ስዋፕ ላይ ዜሮ መጻፍ ደግሞ አደጋ ነው። ከዛ በዲዲ ሙሉ ፓርቲሽኑን ዜሮ ሞላነው። ዲዲ አይጠይቅም፣ አንድ ቁጥር ከተሳሳትክ ሲስተሙን በሙሉ ያጠፋልሃል፣ ስለዚህ አንዱ ልጅ ይጽፋል፣ ሌላው የኤልኤስብሎክን (ዲስኮችንና ፓርቲሽኖችን የሚያሳይ ትዕዛዝ) ዝርዝር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሶስተኛው ሳያይ ኢንተር አይነካም፣ ይሄ ህጋችን ሆነ። ሲስተሙ ያለበትን የዋናውን የኤክስት4 ፓርቲሽን ባዶ ቦታ ደግሞ ሳንማውንተው (ከሲስተሙ ጋር ሳናያይዘው) ባዶ ቦታን ዜሮ በሚሞላው በዜሮፍሪ አጠብነው።

ዜሮ ሲሞላ የስዋፑ መለያም አብሮ ስለሚጠፋ ስዋፕ በሚፈጥረው በኤምኬስዋፕ ትዕዛዝ እንደገና ሰራነው። እዚህ ላይ ተያዝን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ቆሞ የሆነ ዲስክ ይጠብቃል፣ በየጊዜው! ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፣ አንዱን ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነው የተበተንነው። በመጨረሻ ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች የብሎክአይዲን (የፓርቲሽኖችን መለያ የሚያሳይ ትዕዛዝ) ውጤትና ኤፍኤስታብን (ሲነሳ የሚያያይዛቸው ፓርቲሽኖች የተዘረዘሩበት ፋይል) ጎን ለጎን አድርገው ሲያነቡ አገኙት፣ ኤምኬስዋፕ አዲስ ዩዩአይዲ (የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር) ሰጥቶታል፣ ኤፍኤስታብ ግን የድሮውን ነው የሚፈልገው። በኤምኬስዋፕ ደሽ ትልቁ ዩ (-U) አማራጭ የድሮውን ዩዩአይዲ መልሰን ሰጠነው፣ ወዲያው ተነሳ። እኔ ሳልነግራቸው ራሳቸው ስላገኙት እስካሁን ደስ ይለኛል።

እንደገና ስንጨምቀው 2.8 ጊጋ ሆነ። 4 ጊጋው ስዋፕ ዜሮ ብቻ ስለሆነ ተጨምቆ የያዘው ወደ 4 ሜጋ ነው፣ ጂዚፕ ዜሮን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ያሳንሳል። ፍላሹ ላይ ገባ፣ በግንቦት መጨረሻ ሌሎቹ 17ቱም ተገልብጠው አለቁ፣ ለየማሽኑ ስም የቀየሩት የ9ኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

ለከርሞ ያሰብነው ስዋፕ ፋይል መሞከር ነው፣ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ከ17.04 ጀምሮ አዲስ ሲጫን በፓርቲሽን ፋንታ ፋይል ነው የሚጠቀመው፣ ኢሜጅ ከመውሰዳችን በፊት ፋይሉን አጥፍተን ባዶ ቦታውን ማጠብ እንችላለን፣ የዩዩአይዲውም ጣጣ አይኖርም። ፍላሹ ላብ ውስጥ ካቢኔቱ ላይ ነው፣ ትዕዛዞቹን በቅደም ተከተል የጻፉበት ደብተርም አብሮት አለ፣ መስከረም ላይ የሚመጡት ልጆች ከዛ ይጀምራሉ።