ትንፋሽ ሲያጥር የሚመጣው ፍርሃትም ይታከም፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በየጤና ጣቢያው የሥነ ልቦና ድጋፍ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

አስም፣ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄድ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ወይም ቲቢ ከዳነ በኋላ የሚቀር የሳንባ ጠባሳ ያለበት ሰው ለክትትል ሲመጣ ደረቱ ይደመጣል፣ ፓፉ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ይታዘዝለታል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትንፋሽ አጥሮት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ሲል የሚይዘው የሞት ፍርሃት ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ፣ ካርዱ ላይም ሳይጻፍ ይቀራል። የምንጠይቃችሁ ይህ ፍርሃት የሕመሙ አካል ሆኖ እንዲታከም ነው።

ፍርሃቱ ራሱ ትንፋሽን ያሳጥራል። የጠበበ የአየር ቧንቧ ያለበት ሰው ይበልጥ የሚቸገረው አየር ለማስወጣት ነው። ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የገባው ሳይወጣ ሌላ ይደርብበታል። ደረቱ ውስጥ የታሰረው አየር ለሚቀጥለው ትንፋሽ ቦታ ይነሳዋል፤ ትንፋሹ ሲጠብበት ድንጋጤው ይብሳል፣ ድንጋጤው ሲብስ ደግሞ አተነፋፈሱ ይፈጥናል። ለዚህ ሰው «አትጨነቅ» የሚል ምክር ምንም አይፈይድለትም። የሚፈይድለት በእጁ የሚይዘው፣ አስቀድሞ የተለማመደው ነገር ነው።

ይህን ደግሞ አንዲት የሠለጠነች ነርስ በ20 ደቂቃ ልታስተምር ትችላለች። ታማሚው ወንበር ላይ ወደፊት ዘንበል ይላል፣ ክርኖቹን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፣ ትከሻውን ይለቃል። በአፍንጫው እስከ 2 እየቆጠረ ያስገባል፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሞጥሙጦ እስከ 4 እየቆጠረ ያስወጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ አየሩን በኃይል ይገፉታል። በኃይል ሲገፋ የታመመው ቧንቧ ይከደናልና ቀስ ብሎ ይውጣ። ልምምዱም ትንፋሽ ደህና በሆነበት ሰዓት በየቀኑ ይደረግ፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር የሚማር ሰው የለም።

ሌላው ማራገቢያ ነው። የድሬ ሰው ማራገቢያ አያጣም። ከፊት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አፍንጫና የላይኛው ከንፈር አካባቢ ሲራገብ፣ ቆዳን የሚነካው ቀዝቃዛ አየር የፊትን ስሜት በሚያደርስ ነርቭ በኩል አንጎል ዘንድ ደርሶ የመታፈን ስሜቱን ያቀልላል። ኦክስጅን አይጨምርም፣ መድኃኒትም አይተካም፤ ፓፉ እስኪሠራ ያሉትን ደቂቃዎች ግን ያሻግራል።

በሕክምናው በኩል ሦስት ነገሮች እንዲስተካከሉ እንጠይቃለን። በፓፉ የሚወሰደው የአየር ቧንቧ ከፋች፣ ሳልቡታሞል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ይህ ያልተነገረው ታማሚ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይሸበራል፣ ወይም መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሲታዘዝለት አብሮ ይነገረው። ሁለተኛ፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 94 በመቶ ስላሳየ ብቻ «ምንም የለብህም» አይባል። ትንፋሽ ማጠርና የኦክስጅን መጠን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ሕመሙ ያልታመነለት ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲብስበትም አይመጣም። ሦስተኛ፣ ለዚህ ፍርሃት ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት በቀላሉ አይታዘዝ፤ ሳንባው በደከመ ሰው ላይ ትንፋሽን ይበልጥ ሊያዳክም ይችላል።

ድጋፉ አደጋውን እንዳይሸፍን ድንበሩም ለቤተሰብ ይነገር። ታማሚው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ፓፉ ካላሻለው ልምምዱ ይቅርና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቤተሰብ ሌላም የሚማረው አለ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ከብቦ «አይዞህ፣ ምን ሆንክ?» እያሉ መጠያየቅ መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፣ መናገር ደግሞ ትንፋሽ ይፈጃል። አንድ ሰው ብቻ ጎኑ ይቀመጥ፤ ጭንቅላት በመነቅነቅ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቀው፤ ከእሱ ጋር እኩል ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ይህን ቤት ለቤት ለማሳየት የከተማዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከማንም ይቀርባሉ።

ከፍርሃቱ ቀጥሎ የሚጎዳው ብቸኝነት ነው፤ በድሬ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። የሰው መገናኛው በርጫውና ቡናው ነው። በርጫው መስኮት ተዘግቶ ሲጋራ ይጨስበታል፣ ቡናው ያለ ከሰልና ያለ ዕጣን አይሆንም። ሳንባው የታመመ ሰው አንድ ሁለቴ ታፍኖ ከወጣ በኋላ መሄዱን ይተዋል። ሲያስል ደግሞ ቲቢ ነው ብለው የሚሸሹት፣ ሲኒ የሚለዩበት አሉ፤ ሲኦፒዲም አስምም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከ8 እስከ 12 ታማሚዎች የሚገናኙበት፣ 8 ሳምንት የሚቆይ ቡድን በየጤና ጣቢያው ይጀመር። ሰዓቱ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት 2 ሰዓት ይሁን። ግማሹ ጊዜ ለአተነፋፈስ ልምምድና ለቀላል እርምጃ፣ ግማሹ ለጨዋታ ይዋል። ቡና ይኑር፣ ግን ውጭ ተፈልቶ ይግባ፤ ዕጣን አይጨስ። የአተነፋፈስ ቆጠራውም ምክሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሁን፤ በጭንቅ ጊዜ ሰው የሚቆጥረው በአፍ መፍቻው ነው።

በእያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት ነበር? የመከፋት ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜትስ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉው የ9 ጥያቄ መጠይቅ ይቀጥል። በዚያ ውስጥ ራስን የመጉዳት ሐሳብ አለኝ ያለ ሰው ያለ ቀጠሮ በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ በየጣቢያው አንዲት የሠለጠነች ነርስ፣ በሳምንት 2 ሰዓትና አንድ ክፍል ይበቃዋል።

የሥልጠናውን ጽሑፍ በሦስቱም ቋንቋዎች ለማዘጋጀትና የመጀመሪያዎቹን ነርሶች ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ዝግጁ ነን። ክፍሉ ሲመረጥ አደራ፣ ምድር ቤት ይሁን፤ ደረጃ ወጥቶ የሚደርስ ታማሚ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትንፋሹን ሲያባርር ያልፋል።

ከአክብሮት ጋር
በድሬዳዋ በሳንባ ሕክምናና በአእምሮ ጤና የምንሠራ ባለሙያዎች